ፈጣን ቻርጀሩ ክፍያ ተቀብሎ ቻርጅ አላደርግ ሲል

ሦስት ቀን ያለፋኝን ነገር ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትደክሙ። የኤሌክትሪክ መኪናዬን የሕዝብ ፈጣን ቻርጀር ላይ እሰካለሁ፣ በአፑ እከፍላለሁ፣ ስክሪኑ «በመዘጋጀት ላይ» ይላል፣ ደቂቃ ሳይሞላው ቀጥ። ስህተት ብቻ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ክፍያውን ነው። አፑን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ካርድ ቀየርኩ። ሌላ ቻርጀርም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ይባስ ብሎ ቻርጀሩ በየሙከራው ገንዘብ አስቀድሞ ስለሚያስይዝ፣ አራተኛው ላይ ካርዱ ራሱ «በቂ ሒሳብ የለም» አለኝ። ገንዘቡ አልተወሰደም፣ ለጊዜው ታግዶ ነው፣ በኋላ ይለቀቃል። ግን እስኪለቀቅ ድረስ መክፈል አልቻልኩም።

ችግሩ ለካ መሰኪያው ጋ ነው። ሲሲኤስ 2 በሚባለው የፈጣን ቻርጅ መሰኪያ ላይ ኃይል ከመፍሰሱ በፊት መኪናውና ቻርጀሩ ይነጋገራሉ፣ መሰኪያው ይቆለፋል፣ የኬብሉ ኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ የሚከላከለው ሽፋን) ይፈተሻል። ኬብሉ ደግሞ ከባድ ነው። እጀታውን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ መሰኪያው ትንሽ ሲያዘነብል መቆለፊያው በደንብ አይገባም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰካሁ፣ ክፍያውን ለኋላ ተውኩት። እጀታውን በሁለት እጄ ደግፌ እስከ መጨረሻው ገፋሁት፣ «ቀጭ» አለ። በአንድ እጄ እንደደገፍኩ በሌላው በስልኬ ከፈልኩ፣ ስክሪኑ ኪሎዋት ማሳየት እስኪጀምር ድረስም አልለቀቅኩትም። ከተቆለፈ በኋላ መልቀቅ ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ አንዴም አላስቸገረኝም። ሒሳቡ በደቂቃ ከሆነ ደግሞ ባትሪው 80 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ንቀሉት፣ ከዚያ በላይ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል።