ግፊትዎን ቤት ውስጥ በትክክል እንዴት ይለካሉ?

የግፊት መለኪያ ዛሬ በብዙ ቤት አለ። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥም አይጠፋም። ችግሩ አለካኩ ላይ ነው። ደረጃ ወጥተው፣ እያለከለኩ፣ እያወሩ የለኩት ቁጥር ከማስደንገጥ በቀር ብዙ አይጠቅምም።

ማሽን ሲገዙ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ይምረጡ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል። የሚጠመጠመው ጨርቅ ለክንድዎ ልክ ይሁን፤ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ፣ ከሰፋ ዝቅ ያደርገዋል።

ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራ፣ ስፖርት የለም። ቡና እየተፈላ ከሆነ ከአቦል በፊት ይለኩ፤ ካለዚያ በረካው አልቆ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ጫት ለቃመ ሰው ግን ግማሽ ሰዓትም አይበቃውም። ሽንት ቤትም ደርሰው ይምጡ፤ የሞላ ፊኛ ግፊት ይጨምራል።

አሁን ይቀመጡ። በርጩማ አይሆንም፣ ጀርባዎ መደገፍ አለበት። እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት ያስረግጡ። ክንድዎን በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ። ጨርቁን ከክርንዎ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገው በባዶ ክንድ ላይ ይሰሩ፤ በሹራብ ላይ አይሆንም። 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይረፉ። ስልኩም ይቆይ።

ከዚያ ይለኩ። አንድ ደቂቃ ቆይተው ይድገሙ፣ ሁለቱንም ይጻፉ። ጠዋት ቁርስና መድኃኒት ሳይወስዱ፣ ማታም እንደዚሁ፣ ለ7 ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ይተዉና የቀረውን አማካይ ያውጡ። 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። አንዱ ቁጥር ብቻ ከፍ ቢልም ይቆጠራል።

180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ካዩ ጥቂት አርፈው ይድገሙት። አሁንም ካልወረደ ምንም ባያምዎ እንኳ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ። ደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መስነፍ፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ግን ድጋሚ መለካት የለም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ቁጥሩ ስላማረ ብቻ ግን መድኃኒቱን አያቋርጡ። ያማረው መድኃኒቱን ስለወሰዱ ሊሆን ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ይበቃኛል የሚሉም አሉ፤ ወጥ ውስጥ ይግባ እንጂ ኪኒኑን አይተካም። ለቀጠሮ ሲሄዱ የጻፉበትን ደብተርና ማሽኑን ይያዙ፤ ከጤና ተቋሙ መለኪያ ጋር ያስተያዩልዎት።