ሄዶ የሚለጠፍ ግድግዳ

ሁለት ቀን ያበሸቀኝ ነገር ነው። ሬቪት በሚባለው የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ላይ በ20 ሳንቲሜትሩ ብሎኬትና በ10ሩ መካፈያ መካከል የ2 ሳንቲም ክፍተት ፈለግኩ። የመካፈያውን ጫፍ ወደ ኋላ ስስበው ተመልሶ ልጥፍ!

ለካ ጫፎች ሲቀራረቡ ሬቪት ራሱ ያጋጥማቸዋል። ግድግዳውን መረጥኩ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ነጥብ በቀኝ ክሊክ ነካሁና «ዲስአላው ጆይን» (መጋጠም ከልክል) አልኩ። ነጥቧን ነው እንጂ ግድግዳውን ከነካችሁ ምርጫው አይመጣም፤ እኔን ያደከመኝም ይኼው ነው። ከዚያ ጫፉን 2 ሳንቲም ሳብኩት። ቆመ፣ ተመስገን!

ሌላኛው ጫፍ እንደተጋጠመ ነው፤ ትእዛዙ ለየጫፉ ለብቻ ነው። ማዕዘን ላይ የአገጣጠሙን ዓይነት ለመቀየር ግን መለያየት አያስፈልግም፤ በ«ዎል ጆይንስ» (የግድግዳ መጋጠሚያ መሣሪያ) ገብቶ ከ«በት» (የአንዱ ጫፍ የሌላው ጎን ላይ ሲያርፍ) ወደ «ማይተር» (ሁለቱም በሰያፍ ተቆርጠው ሲገጥሙ) መቀየር ይበቃል።