የበቆሎ አለርጂ፦ "ሁሉንም አቁመናል፣ ሽፍታው ግን አልቆመም" ለምትሉ ችግርና መፍትሄ

ቂጣው፣ እሸቱ፣ የበቆሎ ገንፎው መቅረት እንዳለበት ታውቃላችሁ፣ እሱን አልደግመውም። ይሄ ምርመራ ተደርጎ ሀኪሙ "በቆሎ ነው" ብሎ፣ የሚታየው በቆሎ በሙሉ ከቤት ወጥቶ፣ ግን ሽፍታው ወይ የከንፈር እብጠቱ አሁንም እየተመላለሰ ለሚያስቸግራቸው ቤቶች ነው። የልጄ ነገር ከተስተካከለ በኋላ ክሊኒክ ወረፋ ላይ የተዋወቅኳቸው እናቶች ስልኬን ለሌላ ሲሰጡ፣ እነዛም ለሌላ ሲሰጡ ብዙ ሰው ቤት ገብቼ ጓዳ አይቻለሁ፣ እና ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ቦታ ነው፣ ሰው የሚፈልገው ደግሞ ሌላ ቦታ። ሁሉም የብስኩት ላስቲክ ጀርባ ላይ አፍጥጦ ይውላል፣ በቀን ሶስቴ የሚበላው እንጀራ ላይ ግን ምንም የተጻፈ ነገር የለም።

ከዛ በፊት አንድ ነገር። ትንፋሽ ካጠረ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ምላስ ካበጠ፣ ልጁ ከዛለ ወይ ራሱን ከሳተ ማንበቡን ተዉትና ተነሱ። ሀኪም ያዘዘላችሁ የአድሬናሊን መርፌ ካለ ጭኑ ላይ በውጪ ጎን በኩል ወዲያው ውጉና ወደ ድንገተኛ ክፍል። ሴትሪዚን (የአለርጂ ክኒኑን ወይ ሽሮፑን) ሰጥቶ "እስኪ ትንሽ እንየው" የሚባል ነገር የለም። ሴትሪዚን ማሳከኩን ያስታግሳል፣ የሚዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም።

ምልክት፦ ሽፍታው በየተወሰነ ጊዜ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ምን እንደተበላ አይታወቅም፣ "ቤታችን ንጹህ ጤፍ ነው የምንበላው"

ይሄ ነው ዋናው። እዚህ ጋር ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ምክንያቱ ከአራት አንዱ ነው፦ ወፍጮው፣ ማዳበሪያው፣ እርሾው፣ ወይ ደግሞ "ንጹህ" የተባለው ጤፍ ራሱ።

ከወፍጮው ልጀምር። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከፊታችሁ የነበረችው ሴት ለጠላ በቆሎ አስፈጭታ ከሆነ፣ የሷ ዱቄት በሙሉ አልወጣም። ድንጋዩ መሃል አለ፣ እህሉ የሚጨመርበት አፍ ጥግ ላይ አለ፣ ዱቄቱ የሚወርድበት ጨርቅ እጥፋት ውስጥ አለ። የናንተ ጤፍ ሲገባ ያንን ሁሉ እየገፋ ይወጣል። አሁን ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የሚወርደው ዱቄት የት ነው የሚቀመጠው? ማዳበሪያው ስር። ስለዚህ ከላይ እየጨለፋችሁ ስታስጋግሩ ለሳምንታት ምንም አይታይም፣ ማዳበሪያው ሊያልቅ ሲል ልጁ ይነሳበታል። ዱቄቱን ወደ በርሜል ገልብጣችሁት ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ስር የነበረው ላይ ስለሚሆን ገና ከወፍጮ በመጣ ሳምንት ይብስበትና ከዛ እየቀለለ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሰው ግራ የሚገባው። ያው እንጀራ፣ ያው ቤት፣ ያው ጋጋሪ፣ አንዴ ደህና አንዴ መዓት።

አንድ ቤት ጠርተውኝ ስሄድ ልጁ እንቁላል ተከልክሏል፣ ወተት ተከልክሏል፣ ቲማቲም ሁሉ ተከልክሏል፣ ከስቷል ልጁ። አባትየው ጎበዝ ነው፣ የተበላውን በሙሉ በደብተር መዝግቧል፣ ግን እንጀራን አልመዘገበም፣ ምክንያቱም እንጀራ ሁሌም አለ። የሚያስፈጩበትን ቀን አስታውሱ ብለናቸው ከደብተሩ ጋር ስናስተያየው ሽፍታው የሚወጣው ዱቄት ሊያልቅ ሲል ነው፣ በየዙሩ። ማዳበሪያውን ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፈን ሳየው ከስር ከጥቁር ጤፉ ዱቄት መሃል ሻካራ ቢጫ ነገር አለ፣ በጣት ሲያሹት እንደ ጤፍ አይልምም። ሰራተኛዋን ስንጠይቃት "ቅዳሜ ከሰዓት ነው የምሄደው፣ በቆሎ የሚያስፈጩ ሰዎች ይበዛሉ" አለች። በቃ። እንቁላሉንና ወተቱን በሀኪም ምክር መልሰው ጀመሩለት፣ ወፍጮውን አስተካከሉ፣ ልጁ ደህና ነው።

"ምጣድ ላይ እኮ ይበስላል፣ ይቦካልም" ለምትሉ፦ በቆሎ ላይ አለርጂ ከሚያስነሱት ፕሮቲኖች ዋናዎቹ ውስጥ አንዱ፣ ሊፒድ ትራንስፈር ፕሮቲን የሚባለው፣ ሙቀት ይችላል። መቀቀሉም መጋገሩም አያጠፋውም። ማቡካቱንም አትመኑት።

መፍትሄ፦
የጤፍ ወፍጮው ለብቻው የሆነ ቤት ፈልጉ። ብዙ ወፍጮ ቤት ከአንድ በላይ ወፍጮ አለው፣ ለበቆሎና ለገብስ አንዱ፣ ለጤፍ አንዱ ተብሎ፣ ግን ወረፋ ሲበዛ ያገኘው ላይ ነው የሚጨምረው፣ ስለዚህ ቆማችሁ እዩ። ልጅ ልካችሁ ወይ "አድርሱልኝ" ብላችሁ አይሆንም።
ጠዋት ሲከፈት የመጀመሪያ ሁኑ፣ ጠርጎና አራግፎ እንዲጀምር ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ። ሰው ናቸው፣ ልጅ ታሞ ነው ስትሏቸው አብዛኞቹ ይተባበራሉ።
ከራሳችሁ ጤፍ መጀመሪያ 2 ወይ 3 ኪሎ ለብቻው አስፈጩና በሌላ ዕቃ ተቀበሉት። ያ ዱቄት ድንጋዩን ያጠበ ነው፣ ለጎረቤት ስጡት፣ እናንተ ቤት አይግባ። እባካችሁ "ያሳዝናል" ብላችሁ መልሳችሁ እንዳትቀላቅሉት፣ ይሄን ያደረጉ ሰዎች አጋጥመውኛል።
ወፍጮው በቅርብ ተወቅሮ ከሆነ ጠይቁ። ከተወቀረ በኋላ የድንጋዩ አሸዋ እንዲወጣ ርካሽ እህል የሚያሳልፉበት አሉ፣ በቆሎም ሊሆን ይችላል።
ሶስት አራት አለርጂ ያለበት ቤት ተሰባስቦ በአንድ ቀን ቢያስፈጭ ወጪውም ድካሙም ይቀላል። በትንሹም ቢሆን የሚያብጥና የሚያፍነው ልጅ ካላችሁ ግን ማጠቡ አይበቃም፣ ለብቻ የቤት ወፍጮ ማሰብ ነው።

ማዳበሪያው። ያገለገለ ማዳበሪያ ስፌቱ ውስጥ የቀድሞውን እህል ይይዛል፣ ገልብጣችሁ ብታራግፉትም አይወጣም። ጤፉ የሚመጣበት፣ ዱቄቱ የሚገባበት፣ ሁለቱም አዲስ ይሁን ወይም የሚታጠብ ክዳን ያለው ባልዲ። ወንፊትም እንደዛው፣ የጎረቤት ወንፊት አትዋሱ።

እርሾው። ይሄ ሰው ጭራሽ የማያስበው ነው። ዱቄቱ ንጹህ፣ ወፍጮው ንጹህ፣ ግን ለበዓል ክፍለ ሀገር ሄደው ሲመለሱ እርሾው ተበላሽቶ ከጎረቤት ያመጣሉ። ጎረቤት ደግሞ ጤፍ ከበቆሎ ቀላቅላ ነው የምትጋግረው። ያ እርሾ ሊጡ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ሊጥ ላይ የሚቀረው የሚቀጥለው እርሾ ይሆናል፣ አብሲቱም ከዛው ሊጥ ነው። እየሳሳ ቢሄድም ለመጀመሪያዎቹ ዙሮች ለማስነሳት ይበቃል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ድፉት፣ ቡሃቃውን በደንብ እጠቡት፣ ከራሳችሁ ዱቄትና ውሃ አዲስ አስጀምሩ። ጥቂት ቀን ይፈጃል፣ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ አያምርም፣ ይሁን። ተጨማሪ እርሾ በትንሽ ዕቃ ፍሪጅ አስቀምጡ፣ ሁለተኛ ጎረቤት እንዳትሄዱ።

የሚገዛ እንጀራና የተፈጨ ዱቄት። ጤፍ ከተወደደ ጀምሮ ቅልቅል የሌለበት እንጀራ ማግኘት ከባድ ነው፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ማሽላ፣ የተገኘው ይገባበታል። መቀላቀሉ ነውር አይደለም፣ ኑሮ ነው። የሚያናድደኝ ቀላቅለው ንጹህ ነው ብለው የሚምሉት ናቸው፣ ምክንያቱም ለነሱ የጥቂት ብር ጉዳይ ነው፣ ለኛ የድንገተኛ ክፍል ሌሊት ነው። በዓይን መለየት አይቻልም። የበቆሎ ቅልቅል ቶሎ ይደርቃል፣ በማግስቱ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ሲጠቀልሉት ይቆረሳል፣ ግን ሩዝም እንደዛ ስለሚያደርግ በሱ ብቻ አትወስኑ። የምታውቁት በጥያቄ ነው፣ አጠያየቅም አለው። "በቆሎ አለው?" ካላችኋት "ኧረ የለውም!" ነው መልሱ፣ ሁሌም። "ከምን ጋር ነው የምታቀላቅሉት? ስንት ለስንት?" በሏት። አንዷ ለወራት ንጹህ ጤፍ ነው ስትል የቆየች ሻጭ እንዲህ ስትጠየቅ ወዲያው "ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ በቆሎ፣ ትንሽ ሩዝ ለንጣቱ" ብላ ዘረዘረችው፣ ክፋት አልነበራትም፣ ሰው የጤፍ ብዛት ነው የሚጠይቀኝ ብላ ነው የምታስበው። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁም ያው ነው፣ ሱቅ የሚሸጠው እንጀራ ላይ ጤፍ በትልቁ ተጽፎ ከጀርባው ሌላ የዱቄት ዝርዝር አለ፣ እሱን አንብቡ፣ ካልተጻፈ አትግዙ።

ምልክት፦ ሰው ቤት ቡና ተጠጥቶ ሲመለሱ ከንፈር ያሳክካል፣ ዓይን ያብጣል

ፈንዲሻ። አውቃለሁ፣ "እሱማ አይበላም" ትላላችሁ። ልጁ አልበላም ይሆናል፣ ግን ቄጤማው ላይ ተበትኗል፣ ህፃን መሬት ላይ እየዳኸ ያነሳል፣ ፈንዲሻ የዘገነ እጅ ዳቦ ቆርሶ ያጎርሰዋል። ቆሎውም በቆሎ የተቆላበት ብረት ምጣድ ላይ ተቆልቶ ይሆናል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ሲፈነዳ የሚወጣው ጭስና ብናኝ ብቻ ይበቃዋል፣ ሳል ከጀመረው ከክፍሉ አውጡት። መፍትሄው ቡና ለጠራችሁ ሰው ቀድሞ ደውሎ መንገር ነው፣ እዛ ደርሶ ማስተካከል አይቻልም። "ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች፣ ትለምደው" የምትል አክስት አትጠፋም። በሷ እጅ ልጁን ጥላችሁ አትውጡ።

ምልክት፦ ኬክ፣ ብስኩት፣ የፓኬት ሾርባ ከተበላ በኋላ

ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ ብዙ ጊዜ የበቆሎ ስታርች አለ፣ እርጥበት እንዳይዘው ነው የሚጨመረው። የኬክ ስኳር ዱቄትም እንደዛው። ኩስታርድ በአብዛኛው ስታርች ነው። ኮርን ፍላወር የሚለውን አበባ ነው ብሎ የገዛ ሰው አይቻለሁ፣ በቆሎ ነው። ለቤት ኬክ ቤኪንግ ሶዳ በሎሚ ጭማቂ ተጠቀሙ፣ ስኳሩን በሚክሰር ራሳችሁ ፍጩት።

የውጪ ዕቃ ላይ ማልቶዴክስትሪን፣ ዴክስትሮስ፣ ግሉኮስ ሲረፕ፣ ሞዲፋይድ ስታርች፣ እንዲሁም ከኢ (E) 1400 እስከ ኢ 1452 ያሉትን የተጨማሪ ንጥረ ነገር ቁጥሮች ፈልጉ። እነዚህ ከድንች ወይ ከካሳቫም ሊሰሩ ይችላሉ፣ ካልተጻፈ እንደ በቆሎ ቁጠሩት። የአሜሪካ ዕቃ ላይ ስታርች ብቻ ከተባለ የበቆሎ ማለት ነው። ሲትሪክ አሲድና ዛንታን ገም ደግሞ ብዙ ጊዜ በበቆሎ ስኳር የሚያድግ ረቂቅ ተህዋስ የሚሰራቸው ናቸው። እነዚህ በጣም የተጣሩ ስለሆኑ ፕሮቲናቸው እጅግ ትንሽ ነው፣ ብዙ ሰው ምንም አይሆንም፣ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን ከመከልከላችሁ በፊት ሀኪማችሁን ጠይቁ።

በደማቅ የተጻፈውን የአለርጂ ማስጠንቀቂያ ብቻ አይታችሁ እንዳትገዙ!! የአሜሪካ ህግ ለብቻ እንዲጻፉ የሚያስገድደው 9 ነገር ነው፣ ሰሊጥ ከ2023 ጀምሮ የተጨመረበት። የአውሮፓው 14 ነው። በቆሎ ሁለቱም ላይ የለም። ማስጠንቀቂያ የሌለው ዕቃ ከበቆሎ ነጻ ይመስላል እንጂ ላይሆን ይችላል፣ ሙሉውን ዝርዝር አንብቡ። በየግዢው አንብቡ፣ ፋብሪካ ሳይነግራችሁ ይቀይራል።

በእርዳታ የሚታደለው ሲኤስቢ የበቆሎና የአኩሪ አተር ቅልቅል ነው። ለህፃናት የሚሸጥ የገንፎና የአጥሚት ዱቄትም ውስጥ በቆሎ የተለመደ ነው።

ምልክት፦ መድሃኒት ከተወሰደ በኋላ

እንክብሎች ውስጥ የበቆሎ ስታርች መሙያ ሆኖ ይገባል፣ አንዳንዴ የአለርጂው መድሃኒት ራሱ ውስጥ። ፋርማሲስቱን በውስጡ ያለውን ወረቀት አሳየኝ በሉት፣ ሌላ ፋብሪካ የሰራው አንድ አይነት መድሃኒት ሊኖር ይችላል። በራሳችሁ መድሃኒት እንዳታቋርጡ። ሆስፒታል ስትገቡ ካርዱ ላይ "የበቆሎ አለርጂ" ተብሎ ይጻፍ፣ የዴክስትሮስ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ሀኪሙ ይወቅ፣ ዱቄት ያለው ጓንት ካለም ይቀየር፣ ዱቄቱ የበቆሎ ስታርች ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ ጠላ፣ እንኩሮው ከበቆሎ ከሆነ። ቢራ፣ ከገብሱ ጋር በቆሎ የሚጨምሩ ፋብሪካዎች አሉ። ኮክም (ፍራፍሬው) ካሳከከ ለሀኪም ተናገሩ፣ ተቀራራቢ ፕሮቲን አለው። ዶሮዋ በቆሎ በላች ብሎ እንቁላል መከልከል ግን ልጅ ማስራብ ነው፣ እንቁላሉ ራሱ ሲያስነሳበት ካላያችሁ ተዉት።

ወፍጮውን፣ ማዳበሪያውን፣ እርሾውን አስተካክላችሁ ሁለት ዙር ሙሉ ዱቄት ጨርሳችሁ ሽፍታው ያው ከሆነ፣ ከዛ ወዲያ ዝርዝሩ ላይ ምግብ አትጨምሩ። ምን ቀን ተፈጨ፣ ምን ቀን ተጋገረ፣ ሽፍታው በስንት ሰዓት ወጣ የሚለውን ጽፋችሁ፣ የሽፍታውን ፎቶ ይዛችሁ ወደ አለርጂ ሀኪም ተመለሱ፣ ምክንያቱም ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ስንዴም ይሁን ምግብ ያልሆነ ነገር። "እስኪ በቆሎ አቅምሰን እንየው" የሚለው ሙከራም መርፌና ኦክስጅን ባለበት በሀኪም ፊት እንጂ ቤት ውስጥ አይደረግም።