ትኩሳቱ ሲወርድ አትዘናጉ፦ የደንጊ ታማሚን በቤት ለሚያስታምሙ

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ውኃ ሲጠፋ እንዳንቸገር ሁላችንም በርሜል ሞልተን እናስቀምጣለን፤ የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝም የምትራባው እዚያው ነው። በሽታው በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ በከተማችን ነበር።

ልጄ ስትታመም ወባ መስሎን ነበር። ትኩሳቱ በድንገት ተነሣባት፤ ከዓይኗ በስተጀርባ ያማታል፣ ወገቧንና መገጣጠሚያዋን ይቆረጥማታል። ደሟ ተመርምሮ ወባ የለባትም ተባለ። እንዲህ ስትባሉ ዝም ብላችሁ ወደ ቤት አትመለሱ፤ «ደንጊ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደንጊ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለውም። ለትኩሳቱና ለሕመሙ ፓራሲታሞል ብቻ፣ ያውም በታዘዘው ልክ ስጡ። አንዲት ጎረቤቴ አዝናልን ዳይክሎፌናክ ገዝታ መጣች፤ አመስግኜ መለስኩላት። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ዋናው ሕክምና ፈሳሽ ነው፦ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የፈሳሽ መተኪያ ዱቄት)፣ ሾርባ፣ አጥሚት፣ የብርቱካን ጭማቂ፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። እኔ ስንት ኩባያ እንደጠጣችና ስንት ጊዜ እንደሸናች በደብተር እጽፍ ነበር። ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝም ይህንኑ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገው ይህን ነው። ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይወርዳል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ዳነች» ብሎ የሚያርፈው ያን ጊዜ ነው፤ በሽታው ከከፋም የሚከፋው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን 24 እስከ 48 ሰዓታት ዓይናችሁን ከታማሚው አትንቀሉ። ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ፣ ሰገራው ከጠቆረ፣ ከተቁነጠነጠ ወይም ከፈዘዘ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ሽንቱ ካነሰ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት። እኔ ሁለቱን ሌሊት በየሰዓቱ እየተነሣሁ እግሯን ስዳብስ አደርኩ።

ታማሚው ቀንም በአጎበር ውስጥ ይተኛ። ይህች እግሯ ነጭ ዝንጉርጉር የሆነ ትንኝ እንደ ወባዋ ሌሊት ሳይሆን በቀን፣ በተለይ በማለዳና ከመምሸቱ በፊት ትናከሳለች፤ ከታማሚው የወሰደችውን ቫይረስ ለሌላው የቤት ሰው ታስተላልፋለች።

በርሜሉን መድፋት ብቻ አይበቃም። እንቁላሏ ከውኃው ከፍ ብሎ በግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ደርቆም ወራት ይቆያል። በሳምንት አንድ ጊዜ ውስጡን በብሩሽ ፈትጋችሁ እጠቡ፤ ክዳኑን ግጠሙ፤ አሮጌ ጎማና ጣሳ በግቢ አታስቀምጡ።

የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው። በአንዱ ታሞ የዳነ ሰው በሌላው ሊያዝ ይችላል፤ ሁለተኛውም ሊከብድ ይችላል። እንደገና ትኩሳት ከያዛችሁ ከዚህ በፊት ደንጊ ታማችሁ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩ።