ጤና አዳም ከቅርንጫፍ እንዴት ይተከላል?

ጎንደር ውስጥ ቡና ቀርቦ ጤና አዳም ሲጠፋ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል። አንዲት ቅርንጫፍ ካገኛችሁ ግን የራሳችሁን ማብቀል ትችላላችሁ። እኔ ሦስት ጊዜ ተክዬ ሁለቱ ሞተውብኛል።

ጊዜው መስከረም አጋማሽ ነው። ዝናቡ ይቀንሳል፣ አፈሩ ግን ገና ርጥብ ነው። ያላበበ፣ ጠንከር ያለ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቅርንጫፍ ከአንጓው ሥር ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አንሱ። ሥሩ በተበሳ ሃይላንድ ውስጥ አሸዋ የበዛበት አፈር ሞልታችሁ ትከሉት፤ ጥላ ላይ ይቀመጥ። ሥር ማብቀያ ዱቄት ግዙ የሚሏችሁን አትስሙ፣ ለጤና አዳም አያስፈልግም። ከ5 ሳምንት በኋላ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት። እምቢ ካለ ሥር ይዟል።

ትልቁ ጉዳይ ሥር ከያዘ በኋላ መሬት ላይ የምትተክሉበት ቦታ ነው። አዘዞ ያለው ግቢያችን ዋልካ አፈር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይጨቀያል። መጀመሪያ የተከልኩት ውሃ አያጣም ብዬ ከአሸንዳው ሥር ነበር። ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። የጠማው መስሎኝ በጆግ ጨመርኩለት። ነሐሴ ላይ ነካ ሳደርገው ተነቅሎ መጣ። ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል፣ ልጡ እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ይላጣል።

ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት ጉድጓዱን ውሃ ሙሉትና ቡና አፍሉ። በረካ እስኪጠጣ ውሃው ካልሰረገ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሌላ ቦታ ከሌለ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፤ ቀይ አፈር፣ ደቃቅ ጠጠርና ጥቂት የበሰበሰ ፍግ አንድ ላይ አደባልቁ። ከታች ጠጠር ደርድሮ ዋልካውን ከላይ መመለስ ከንቱ ልፋት ነው፤ ውሃው እዚያው ዋልካው ውስጥ ይተኛል። ሁለተኛው የሞተብኝ እንደዚያ ነው።

መደቡ ፀሐይ በደንብ ያግኘው። በበጋ አፈሩን በጣት ነካክታችሁ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ከርክሙት፤ ካልተከረከመ ግንዱ እንጨት ብቻ ይሆናል። ግን በጠዋት ወይም ሲመሽ፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ለብሳችሁ። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል። እኔ በቀትር በባዶ ክንድ ከርክሜ በሁለተኛው ቀን ክንዴ ውሃ ቋጠረ፤ ጥቁር ምልክቱ ለወራት አልለቀቀኝም። ልጆችንም አርቁ። ነፍሰ ጡር ካለች ጤና አዳም አትጠጣ፣ ማህፀን ያኮማትራል።

ለቡና ለጋውን ጫፍ ቀንጥቡ። ፍሬ ከያዘ አድርቃችሁ አስቀምጡት፤ በርበሬ ሲደለዝ ይፈለጋል።