በአዳማ ሙቀት የማይሰምጥና የማይቀልጥ የልደት ኬክ

በመጻሕፍትና በቪዲዮ የምናገኛቸው አብዛኞቹ የኬክ አሠራሮች የተለኩት ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆኑ ወጥ ቤቶች ነው፤ አዳማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ የሳሳ በመሆኑ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ከልክ በላይ ፈጥኖ ይነፋል፤ ኬኩም ገና ሳይጠነክር ኩፍ ብሎ ይነሣና መሐሉ ይሰምጣል። ለልጄ የመጀመሪያ ልደት የጋገርሁት ኬክ ልክ እንደዚህ ጎድጉዶ ወጥቶ ነበር፤ ጉድጓዱን በክሬም ሞልቼ ባቀርበው ከእንግዶቹ አንድም ያወቀ የለም።

22 ሳንቲሜትር ስፋት ላለው ክብ መጋገሪያ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 180 ግራም ስኳር፣ 4 የፈረንጅ እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 150 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላና ትንሽ ጨው ይበቃል። የሐበሻ እንቁላል አነስ ስለሚል 5 ወይም 6 ያስፈልጋል። ዋናው ጥንቃቄ በቤኪንግ ፓውደሩ ላይ ነው፤ ለዚህ ዱቄት በተለምዶ 2 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቢታዘዝም፣ እዚህ ከ1 ተኩል ባይበልጥ ይመረጣል።

እንቁላሉና ስኳሩ ነጣ ብሎ እስኪወፍር ድረስ ለ8 ደቂቃ ያህል ይመታል፤ ዘይቱ፣ ወተቱና ቫኒላው ከተጨመሩ በኋላ ከቤኪንግ ፓውደሩና ከጨው ጋር የተነፋው ዱቄት በማንኪያ ቀስ ተብሎ ይዋሐዳል። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ ማማሰል ኬኩን ያደርቀዋል። አስቀድሞ በ180 ዲግሪ በጋለ ምድጃ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋገራል፤ የመጀመሪያዎቹን 25 ደቂቃዎች በሩ አይከፈት። መሐሉ በስቴኪኒ ተወግቶ ስቴኪኒው ደረቅ ሆኖ ከወጣ ኬኩ በስሏል።

መብራት የሚያሠጋበት ቀን ከሆነ ብረት ድስት ይሻላል። ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ጨው በድስቱ ውስጥ ይነጠፍና ለ10 ደቂቃ ይግላል፤ ከዚያ መጋገሪያው በትንሽ ማስቀመጫ ላይ ይገባል፣ ድስቱም ተከድኖ በለስላሳ የከሰል እሳት ይቀመጣል። እንደ ድፎ ዳቦ ክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም ቢደረግ ላዩም ይበስላል።

ክሬሙ የሚቀባው ኬኩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ስለሆነ ማታውን መጋገር ይመረጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲሻገር ከገበታ ቅቤ ብቻ የተሠራ ክሬም መፍሰስ ይጀምራል፤ ስለዚህ 100 ግራም የገበታ ቅቤ ከ100 ግራም ጠንካራ ማርጋሪን ጋር ተመትቶ 400 ግራም የተነፋ ዱቄት ስኳር ቀስ በቀስ ይጨመርበታል። በመጀመሪያ ፍርፋሪውን የሚይዝ ስስ ቅባት ይቀባል፤ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ከቆየ በኋላ ወፍራሙ ይደረባል። ለሮዝ ቀለም ጥቂት የቀይ ሥር ጭማቂ ይበቃል፤ ብዙ ከሆነ ግን ክሬሙን ያቀጥነዋል።

የልጁን ስም በፊደላችን መጻፍ ከሚመስለው በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የ«ሜ» ቀለበትና የ«ባ» እግር በወፍራም ክሬም ተለውሰው ይጠፋሉና። በንጹሕ ፌስታል ጥግ ላይ የሚቆረጠው ቀዳዳ ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ እያንዳንዱም ፊደል ቢያንስ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ቁመት ይኑረው። አስቀድሞ በሳሕን ላይ መለማመድ ያዋጣል፤ «መልካም ልደት» ሰባት ፊደል ስለሆነ በሁለት መስመር ቢከፈል ለስሙ ቦታ ይተርፋል። ለሕፃናት የሚቀርብ ከሆነ ኦቾሎኒና ጠንካራ ከረሜላ ለጌጥ አይደረጉ፤ ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀሩ ይችላሉ።

ልደቱ በጾም ከዋለ 200 ግራም ዱቄት፣ 180 ግራም ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 240 ሚሊ ሊትር ውኃና 1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ያለ እንቁላልና ወተት ጥሩ ኬክ ይወጣቸዋል። ሶዳው ከኮምጣጤው ጋር እንደተገናኘ መሥራት ስለሚጀምር ሊጡ ሳይውል ሳያድር ምድጃ ይግባ።

ኬኩ በባጃጅ የሚጓዝ ከሆነ ጭን ላይ አይያዝ፤ ጭን ያዘነብላል፣ ያሞቃልም። ካርቶኑ በእግር መካከል ወለሉ ላይ ይቀመጥ፣ ከሥሩም እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍለት።