የመድኃኒት ወጪ ሲከብድ፦ መጠኑን ሳትቀንሱ ወጪውን እንዴት ትቀንሳላችሁ?

የመድኃኒት ዋጋ ሲከብድ ብዙ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። በቀን ሁለቴ የተባለውን አንዴ ያደርገዋል። ወይም አንድ ቀን ውጦ አንድ ቀን ይዘላል። ለማንም አይናገርም። በቀጣዩ ቀጠሮ ሐኪሙ ግፊቱን ሲለካ ቁጥሩ አልወረደም። ሐኪሙ «መድኃኒቱ አልበቃውም» ብሎ መጠኑን ይጨምራል፣ ወይ ሌላ ይደርብለታል። ያ ሰው ከበፊቱ የባሰ ወጪ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። የምትውጡትን መጠን በራሳችሁ አትቀንሱ። ገንዘብ የሚተርፍባቸው ሌሎች ቦታዎች አሉ፤ ሐኪሙ ፊት፣ ፋርማሲው ባንኮኒ ላይ፣ እቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ። ከመሳቢያው እንጀምር።

1. ያለውን መድኃኒት በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉ

አክስቴ በየወሩ ለመድኃኒት የምታወጣው ብር ሲያስጨንቃት አይቼ፣ ያላትን ሁሉ ይዛ እንድትመጣ ለመንኳት። በፌስታል ይዛ መጣች። ስንዘረግፈው ሰባት ዓይነት ሆነ።

አንዱ ማሸጊያ ላይ በትልቁ «ቮልታረን» ይላል። ሌላው ላይ «ዳይክሎፌናክ»። አንዱን ለጉልበቷ አንድ ሐኪም፣ ሌላውን ለወገቧ ሌላ ሐኪም ጽፈውላት ነው። ሁለቱንም ትገዛለች፤ ሁለቱንም ትውጣለች። የቮልታረኑን ማሸጊያ ወደ ዓይኗ አስጠግቼ ከትልቁ ስም ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየኋት። «ዳይክሎፌናክ ሶዲየም» ይላል። አንድ መድኃኒት በሁለት ስም!

በዚህ አላበቃም። ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ይጎዳል። እሷንም ማቃጠል ሲጀምራት ኦሜፕራዞል ታዘዘላት። የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ እሷ ደግሞ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። አንዱ መድኃኒት ሌላውን እየጎተተ አምጥቶባት ነበር። ፌስታሉን እንደያዘች ወደ ሐኪሟ ተመለሰች። ከሰባቱ አራቱ ብቻ ቀጠሉ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከሐኪም የታዘዘውን፣ ያለ ማዘዣ የገዛችሁትን፣ ቫይታሚኑን ሁሉ አንድ ላይ አውጡ። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ለምን እንደምትወስዱት፣ ማን እንዳዘዘው፣ እስከ መቼ እንደታዘዘ። መልስ ያጣችሁለት ካለ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ኦሜፕራዞልን የመሰሉ የጨጓራ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። «በቃ፣ አቁም» ያለው ሰው ስለሌለ ብቻ ለዓመታት የሚገዛ ሰው ግን አለ። ለረጅም ጊዜ የሚያስፈልጋቸውም ስላሉ ውሳኔው የሐኪም ነው።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ አለ። ዝርዝሩን አይታችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። እንደ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ያሉ የልብና የግፊት መድኃኒቶች፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ የድብርት መድኃኒቶች፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን፣ እነዚህ ሁሉ በድንገት ሲቋረጡ ከባድ ጉዳት ያመጣሉ። ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሱት።

2. ስለ ዋጋ ሐኪሙን በግልጽ አናግሩ

ይሉኝታ እዚህ ጋ ነው ኪሳችንን የሚጎዳው። ሐኪሙ እየጻፈ እያለ «ዋጋው ስንት ይሆን?» ማለት ያሳፍረናል። ሐኪሙም አቅማችንን አያውቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውንም በትክክል አያውቀውም። ካልነገርነው በምን ይወቅ? እንዲህ በሉ፦ «ዶክተር፣ ይህን በየወሩ መግዛት አቅሜን ይፈትነዋል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ፣ ረከስ ያለ አለ?»

ብዙ ጊዜ አለ። አዲስ መድኃኒት ሁሉ ከአሮጌው ይበልጣል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣ ኦልሃት የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። ከ33,000 በላይ የደም ግፊት ሕሙማን የተሳተፉበት ነው። ክሎርታሊዶን የሚባለውን፣ ሽንት የሚያሸና ርካሽ የድሮ መድኃኒት፣ በዚያን ጊዜ ውድ ከነበሩት ከአምሎዲፒንና ከሊሲኖፕሪል ጋር አወዳደሩት። ድንገተኛ የልብ ሕመምንና (ሀርት አታክን) ለሞት የሚዳርግ የልብ ደም ሥር መዘጋትን በመከላከል አዲሶቹ አልበለጡትም። ይህ ማለት ሁሉም ሰው ወደ ድሮው ይመለስ ማለት አይደለም። ኩላሊት፣ እርግዝና፣ ሌላ ሕመም፣ ሁሉም ምርጫውን ይለውጣል። ግን ጥያቄውን መጠየቅ እንደሚያዋጣ በደንብ ያሳያል።

ሌላው መርፌና ክኒን ነው። መርፌ የበለጠ ያድናል የሚል እምነት በብዙ ሰው ውስጥ አለ። መዋጥ ለሚችል ሰው ብዙ መድኃኒቶች በክኒን ያው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ መርፌው ላይ ግን የመርፌውም የወጊውም ሒሳብ ይደመራል። «በክኒን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንቲባዮቲክ ሲሆን ደግሞ «የግድ ያስፈልገኛል?» በሉ። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ ምንም አያደርግም፤ በከንቱ የወጣ ብር ነው። ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድም ያደርጋል።

3. በጄኔሪክ ስሙ አስጽፉ

ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚህ ነው። ማንኛውም መድኃኒት ሁለት ስም አለው ብላችሁ ያዙ። አንዱ ፋብሪካው ያወጣለት የንግድ ስም ነው። ሌላው የመድኃኒቱ የራሱ ስም፣ ጄኔሪክ የሚባለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ እነዚህን ዓለም አቀፍ ስሞች ሲያሳትም ቆይቷል፤ ስለዚህ አገር ብትቀይሩም ስሙ ያው ነው። ሊፒተር የንግድ ስም ነው፤ መድኃኒቱ አቶርቫስታቲን። ግሉኮፋዥ የንግድ ስም ነው፤ መድኃኒቱ ሜትፎርሚን። ኖርቫስክ የንግድ ስም ነው፤ መድኃኒቱ አምሎዲፒን።

ስሞቹ ራሳቸው ይናገራሉ። መጨረሻቸውን እዩ። በ«ቫስታቲን» የሚያልቁት የኮሌስትሮል ናቸው። በ«ፕሪል» እና በ«ሳርታን» የሚያልቁት የግፊትና የልብ፣ በ«ፕራዞል» የሚያልቁት አብዛኞቹ የጨጓራ። እቤታችሁ መጨረሻቸው አንድ የሆነ ሁለት መድኃኒቶች ካገኛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ፋርማሲስት ጠይቁ።

ለምን ረከሰ? አዲስ መድኃኒት ያገኘ ኩባንያ ፓተንት፣ ማለትም ብቻውን የማምረት መብት፣ ይይዛል። ፓተንቱ ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንስቶ አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ዓመት ይጸናል። ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎችም ማምረት ይችላሉ። እነሱ መድኃኒቱን ከዜሮ ተነስተው አልፈለጉትም፤ ትልልቆቹን ሙከራዎችም እንደገና አይደግሙም። ፋብሪካው ሲበዛ ደግሞ ፉክክሩ ዋጋውን ያወርደዋል። የረከሰው ስለደከመ አይደለም።

ጄኔሪኩ ፈቃድ ለማግኘት ደም ውስጥ የሚገባው መጠንና የሚገባበት ፍጥነት ከዋናው ጋር ይነጻጸራል። በብዙ አገሮች፣ ዋናውን 100 ብንለው፣ ልኬቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዛነፍ ከሚችልበት የስህተት ክልሉ ጋር ከ80 እስከ 125 በመቶ ባለው ወሰን ውስጥ ተጠቃሎ መግባት አለበት። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው 20 በመቶ ይደክማል» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። የስህተት ክልሉ ሁለቱ ጫፎች ሳይቀሩ እዚያ ውስጥ እንዲያድሩ፣ አማካዩ ከዋናው ጋር በጣም መቀራረብ አለበት።

ቀለሙና ቅርጹ ግን ሊለይ ይችላል። ነጭ ክብ የለመደ ሰው ሮዝ ሞላላ ሲሰጠው ይደነግጣል፤ አንዳንዱ አዲስ የተጨመረለት መስሎት አሮጌውንም አዲሱንም ይውጣል። ስትረከቡ «ይህ የቱን የሚተካ ነው?» ብላችሁ አረጋግጡ።

ጥንቃቄ የሚሹም አሉ። የታይሮይዱ ሌቮታይሮክሲን፣ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ በነዚህ ላይ ትንሽ ለውጥ እንኳ ይታወቃል። አንድ ፋብሪካ ከያዛችሁ እሱኑ ያዙ። መቀየር ግድ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ የደም ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል።

4. ከመግዛታችሁ በፊት ዋጋ ጠያይቁ

ያው መድኃኒት ከፋርማሲ ፋርማሲ ዋጋው ይለያያል። ሁለት ሦስት ቦታ ደውሉ። ስትጠይቁ ስሙን፣ ሚሊግራሙንና የፍሬውን ብዛት አንድ ላይ ተናገሩ፤ አለዚያ የምታወዳድሩት የተለያየ ዕቃ ይሆናል። ዋጋውን ለፍሬው ብዛት አካፍሉት። ትልቁ ማሸጊያ ሁልጊዜ አይረክስም።

የጤና መድን ካላችሁ መድኃኒቱ ከሚሸፈኑት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ከመታዘዙ በፊት እዩ። ከዝርዝሩ ውጭ ከሆነ እዚያው ሐኪሙ ዘንድ ይቀየር። በጣም ውድ ለሆኑ መድኃኒቶች፣ በተለይ ለካንሰር፣ አንዳንድ አምራቾችና በጎ አድራጎት ድርጅቶች የድጋፍ ፕሮግራም አላቸው፤ የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ ጠይቁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጀምሩትን መድኃኒት ብዙ አትግዙ። የአንድ ወይም የሁለት ሳምንት ይበቃል። ካልተስማማችሁ ፋርማሲው መልሶ አይቀበላችሁም። ከተስማማችሁና መጠኑ ከረጋ በኋላ ግን የሦስት ወር በአንዴ መግዛት ረከስ ሊል ይችላል፤ የአገልግሎት ማብቂያውን ቀን እያያችሁ።

ዋጋው ከሌላው ሁሉ በማይታመን ሁኔታ ከወረደ ግን ተጠራጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚዘዋወሩ የሕክምና ምርቶች ከ10 አንዱ ደረጃውን ያልጠበቀ ወይም ሐሰተኛ ነው። መንገድ ላይ ከዘረጋ ሰው፣ ወይ በቴሌግራም «አለኝ» ከሚል የማታውቁት ሻጭ አትግዙ። ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ስትገዙም እሽጉን፣ የፊደል ስህተት አለመኖሩን፣ ካርቶኑ ላይና ውስጡ ባለው ማሸጊያ ላይ የባች ቁጥሩና ቀኑ አንድ መሆኑን እዩ።

5. ክኒን ለሁለት መክፈል፣ በሐኪም ፈቃድ ብቻ

አንዳንድ ጊዜ ባለ 20 ሚሊግራሙ ክኒን ከባለ 10ሩ ጋር ዋጋው እምብዛም አይራራቅም። የሚያስፈልጋችሁ 10 ከሆነ፣ 20ውን ገዝቶ መክፈል ወጪውን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። መሃሉ ላይ የመክፈያ መስመር ያለው ክኒን መሆን አለበት። በክኒን መቁረጫ ቁረጡት፤ በጥርስ ወይም በኩሽና ቢላ አይሆንም። ሁሉንም በአንዴ ሳይሆን አንዱን ቆርጣችሁ ሁለቱን ግማሾች ከጨረሳችሁ በኋላ ሌላውን።

የማይከፈሉ አሉ። ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን፣ ስሙ ጎን ኤስአር (SR) ወይም ኤክስአር (XR) የሚል የተጻፈበት፣ ብትሰብሩት የቀኑን መጠን በአንዴ ሊለቅባችሁ ይችላል። ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ የተሸፈነ ክኒን፣ ካፕሱል፣ የካንሰር መድኃኒት፣ እነዚህም አይነኩም።

6. የገዛችሁትን አታበላሹ

የተበላሸ መድኃኒት ሁለቴ የተከፈለበት ነው። ሙቀትና እርጥበት ጠላቱ ናቸው፤ መታጠቢያ ቤትና ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በፍሪጅ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ይጣላል። ተከፍቶ በአገልግሎት ላይ ያለው አብዛኛው ኢንሱሊን ለ28 ቀን ያህል ውጭ መቆየት ይችላል፤ የእናንተን ከወረቀቱ አንብቡ። የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ።

መድኃኒት ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው መጠያየቅ ጀምሩ። ባለቀበት ማታ የሚወጣ ሰው በተገኘው ዋጋ ነው የሚገዛው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም የማይበቃበት ወር ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ የትኛውን እንደምትተዉ ብቻችሁን አትወስኑ። ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱና «ሁሉንም መግዛት አልቻልኩም፤ ፈጽሞ መቅረት የሌለበት የቱ ነው?» በሉት። አክስቴ ይህንኑ ስትጠይቅ ሐኪሟ ማዘዣውን መልሶ ተቀበላትና ከአራቱ ስሞች ጎን 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ጻፈላት። ወረቀቱን አሁንም በቦርሳዋ ይዛው ትዞራለች።